ያልደረሰ መርዶ

ወንድም ዓለም፣ ዘንድሮም የካቲት 26 መጣች። ትግላችን ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ተቀመጠ፣ ሰንደቅ ተውለበለበ፣ የካራማራ ድል ተወሳ። ደስ ይለኛል፤ ድሉ ያንተም ነው። ሰው ሲበተን ግን እኔ ከዚያ ደረጃ ላይ መነሳት ያቅተኛል። በ1970 ዓ.ም. በዚያች ቀን፣ ጂጂጋ ተመለሰች ተብሎ አገሩ ሲጨፍር፣ አንተ ከተማረክ ስድስት ወር ሊሞላህ ነበር። ድሉን ማን ነገራችሁ ብዬ ብጠይቅህ፣ «የነገረን የለም። ያን ሰሞን ዱላው በረታ፤ እንግዲያው አሸንፈናል ማለት ነው ተባባልን» አልከኝ። የአገርህን ድል በጀርባህ ነው የሰማኸው፣ ወንድም ዓለም።

ሚያዝያ 4 ቀን 1969 የእናት ሀገር ጥሪ በሬዲዮ ሲተላለፍ፣ እኛ ዘንድ፣ መንዝ፣ ጥሪውን በጆሮው የሰማ ጥቂት ነው። ኮታው ግን ለሁላችንም ደረሰ። ገበሬ ማኅበሩ ከየጎጡ ጠንካራ ጠንካራውን መረጠ። አንተ ያን ዓመት አዲስ ጎጆ እየቀለስክ ነበር፤ ግድግዳው አልቆ ክዳኑ ብቻ ቀርቶሃል። ጓሳ ወጥተህ ሣሩን አጭደህ፣ ነዶ ነዶውን አስረህ፣ ከደጅ ከምረኸዋል። ያ ሣር እንደተከመረ ክረምት ገባበት። ሊቀ መንበሩ «የዘማች ማሳ በደቦ ይታረሳል፣ የዘማች ቤት በደቦ ይከደናል» ብሎ ነበር። ማሳህ ሁለት ዓመት ታረሰ። ቤትህን ግን እናታችን አላስከደነችም። ሰዎቹ መሰላል ተሸክመው ቢመጡ ከደጅ መለሰቻቸው። «ጀምሮት የሄደ እሱ ነው፤ መጥቶ ይጨርሰዋል» አለች።

በሆለታ መንገድ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባህ። ሰኔ ላይ ያ ሁሉ ሚሊሺያ በአብዮት አደባባይ ሲሰለፍ አንተም አለህበት። አብዛኛው እንዳንተ ያለ ነው፤ ሞፈርና ቀንበሩን ሰቅሎ የመጣ፣ አዲስ አበባን ያን ቀን ያየ፣ ከዚያ በኋላም ዳግመኛ ሊያያት ያልቻለ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ድንበር ጥሶ ጎዴን ያዘ። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ በር ላይ ተመታ። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ግን ጂጂጋ ወደቀች። እኛ አበባየሆሽ እያልን ከቤት ቤት ስንዞር፣ እናንተ ከጂጂጋ ወደ ማርዳ በር እያፈገፈጋችሁ ነበር። አጠገብህ የነበረው የጅሩ ልጅ ጭኑን ተመታ። ሮጠህ ብታልፈው ሐረር ትገባ ነበር። አላለፍከውም። ትከሻህ ላይ አውጥተህ ስትራመድ ነው የደረሱባችሁ።

ይህን ያወቅነው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሐረር በሰው እጅ አጽፈህ የላክሃትን አንዲት ወረቀት። «ለጤናዬ ደህና ነኝ። የዚህ አገር ፀሐይ ባና አያስለብስም፤ እናቴ የፈተለችልኝን ባና ለታናሽ እህቴ አልብሱልኝ» ትላለች። አለበሱኝ። ከትከሻዬ ተርፎ መሬት እየጠረገ ለበስኩት።

ወንድም ዓለም፣ የሞተ ሰው ለቅሶ አለው። ድንኳን ይጣልለታል፣ አልቃሽ ትቆምለታለች፣ ሠልስቱ አርባው ይቆጠርለታል። የታሰረ ሰው ጠያቂ አለው፤ ስንቅ ይቋጠርለታል። ያንተን ቢጤ ምን እናድርገው? ለቅሶ ብንቀመጥ ሟርት፣ ብንስቅ ነውር። ለሠርግ ስንጠራ እናታችን ከኋላ ትቀመጥና ዘፋኙ ስለ ጀግና ሲያነሳ ትወጣለች። ጎረቤት «ምን ሰማችሁ?» ይላል፤ ያ ጥያቄ በየሳምንቱ ገበያ፣ በየወሩ ማኅበር ይመጣል። ስንት ዓመት አንድ ዓይነት መልስ ይመለሳል? በኋላ ሰውም መጠየቁን ተወው። ያ ደግሞ ባሰ።

አባታችን ተዝካርህን ሊያወጣ ፈለገ። «ነፍሱን እናስርፋት፤ በሰው አገር ስትንከራተት አልተኛም» አለ። እናታችን እምቢ አለች። «በሕይወት ላለ ልጅ ፍትሐት አላስፈታም» አለች። በአንድ መደብ እየተኙ በዚህ ነገር ሰባት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ። አንዳቸውም አልተሳሳቱም፤ ይህን ልነግርህ ሁሌም እፈልግ ነበር። እሱም ይወድህ ነበር፣ እሷም ትወድህ ነበር፤ የለያያቸው ፍቅሩ የሚያርፍበት ቦታ ማጣቱ ነው።

መስከረም 1977 አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ያ ሐውልት ተመረቀ። ከጎናችን የወደቁ የኩባ ወታደሮች ፎቶ በግድግዳው ላይ ተደረደረ። ይገባቸዋል፤ ከውቅያኖስ ማዶ መጥተው የሞቱ ናቸው። በዚያው ዓመት፣ በድርቁ መሐል፣ አባታችን የተረፈችንን አንዲት ጥቁር በግ አርዶ ተዝካርህን አወጣ። ቄሱ ስመ ክርስትናህን ጠሩ። አገር በላ፣ ያውም የተራበ አገር። እናታችን የዋለችው ያልተከደነው ቤትህ ውስጥ ነው። ከድግሱ እንጀራም አልቀመሰች፣ ጠላም አልጠጣች። እኔ ቁራሽ ይዤላት ብሄድ ግድግዳውን ተደግፋ ታንጎራጉራለች፦

የካራማራ ዳገት ምን ያህል ቢረዝም፣
ይህን ያህል ክረምት ሰው አያስኬድም።

አንተ ያን ጊዜ በሕይወት ነበርክ። ስለ እስሩ ብዙ አልነገርከኝም፤ አላስጨነቅኩህምም። ከደጋ የወጣ ሰው ያ ሙቀት ምን እንዳደረገው ቆዳህ ይናገራል። ከታሰራችሁበት ግቢ ባሕሩ አይታይም፣ ነፋሱ ግን ጨው ጨው ይላል ብለኸኛል። ውኃ በጣሳ ተለክቶ እንደሚታደል፣ አንዱ የሌላውን ቅማል እየለቀመ እንደሚያጫውት፣ በመካከላችሁ የነበረ የቆሎ ተማሪ በአሸዋ ላይ ፊደል እንዳስቆጠራችሁ ነግረኸኛል። ማንበብ የተማርከው እዚያ ነው። ጀግናው አብራሪ ለገሠ ተፈራም ያን 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ነው የገፉት፤ ኩባዊው ኦርላንዶ ካርዶሶም ከ10 ዓመት በላይ። ስማቸው ተጽፏል፣ ተከብረዋል፤ እሰየው። እኔ የማለቅሰው ስሙን ከአሸዋ በቀር የትም ላልጻፈው ነው።

ደግሞስ እንዴት ተፈታህ? ይህ ነው አንጀቴን የሚበላው። ናፍቀናቸዋል ብሎ ያስፈታችሁ የለም። መጋቢት 1980 አፋቤት ወደቀች፤ ሰሜን ላይ ሠራዊቱ አለቀ። በምሥራቅ ድንበር የቆመውን ጦር ወደ ሰሜን ለማዞር ከዚያድ ባሬ ጋር መታረቅ ግድ ሆነ፤ በዚያው ወር ስምምነቱ ተፈረመ። ለአሥር ዓመት በእናቶች እንባ ያልተከፈተ በር አፋቤት ላይ በፈሰሰ ደም ተከፈተ። ነሐሴ ላይ በቀይ መስቀል አማካይነት ከ3,000 በላይ ሆናችሁ ወደ አገራችሁ ገባችሁ። የአንዱ እናት እልል ስትል፣ የሌላዋ ልጅ እናንተን ባስፈታው ስምምነት ከተነሳው ጦር ጋር ወደ ሰሜን ይጫናል። ወዲያ ማዶም እንዲሁ ነው። ያው ስምምነት መሸሸጊያ ያሳጣቸው የሶማሊያ አማፂዎች ሐርጌሳ ገቡ፤ ዚያድ ባሬ ከተማዋን በገዛ አውሮፕላኑ ደበደባት፤ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ ወደ እኛ ድንበር፣ ወደ ሐርትሼክ ጎረፈ። አንተ በመጣህበት ወቅት፣ አንተን በወሰደህ ምድር ላይ የሶማሌ እናቶች ይሰደዱ ነበር። ይህን ስትሰማ «እነሱም አሳዘኑኝ፤ ውኃ ደብቃ የምትሰጠን አንዲት የጠባቂ ሚስት ነበረች» አልክ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ አንድ ሶማሌ ክፉ ስትናገር አልሰማሁህም።

ጥቅምት 1981 ቤት ገባህ። አባታችን አንተን ለማየት አልደረሰም። እናታችን አቅፋህ ከቆመችበት ሳትለቅህ፣ መጀመሪያ ያለችህ «ቤትህ ሳይከደን ቆይቶሃል» ነው። በሳምንቱ ከደንከው። ሚስትህ ተዝካርህ ከተበላ በኋላ በሽማግሌ ቃል አግብታ ሁለት ወልዳ ነበር። ሄደህ ልጆቿን አንድ በአንድ ስመህ ወጣህ፤ እሷ ከጓዳ አልወጣችም። ስለዚህ ነገር ሁለተኛ ቃል አልተነፈስክም፣ ዳግመኛም ጎጆ አልያዝክም።

ማታ ማታ እሳት ዳር ስትቀመጥ አውራ ጣትህ በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ይሄዳል፣ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል። ከአንዱ አንጓ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው እጅ። ውዳሴ ማርያም ይመስለኝ ነበር። የሙታን ስም ነበር፣ ወንድም ዓለም። በምርኮ የሞቱት ጓዶችህ ስም። ወረቀት በፍተሻ ስለሚወሰድባችሁ፣ ያ የቆሎ ተማሪ እሱ ራሱ ቅኔ በተማረበት መንገድ በቃል አስጠናችሁ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ደብር፣ ያረፈበት ዕለት። ለክርስቲያኑ የጻድቅ ወይ የመልአክ ቀን፣ ለሙስሊሙ የረመዳን ስንተኛ ወይ ጁምዓ። የቀን መቁጠሪያ አልነበራችሁም። በሉቃስ ዘመን ጳጉሜን አምስት ናት ስድስት ብላችሁ ተከራክራችሁ ሳትስማሙ ቀርታችኋል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሟች ቀኑ አንድ ቀን ወዲህ ወይ ወዲያ ሊሆን ይችላል። ያን እንኳ ለየቤተሰቡ ሳትናገር አላለፍክም። ምናምን ብሎ ማለፍ ባንተ ዘንድ አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ «ጅሩ እንሂድ» አልከኝ። ለምን እንደመረጥከኝ አላውቅም፤ ባናውን ስለለበስኩ ይመስለኛል። መርዶ በማታ አይነገርም፤ ለብቻም አይነገርም። ማታ ደርሰን ከጎረቤት አደርን፤ ሽማግሌዎቹን ጠራህ፣ በሹክሹክታ ነገርካቸው፣ እንቅልፍ ሳይወስደን ነጋ። ጎህ ሲቀድ ሁላችን ነጠላችንን ዘቅዝቀን ወደዚያ የጅሩ ልጅ እናት ደጅ ሄድን። ሴትዮዋ ላም ልታልብ ጮጮ ይዛ ወጣች። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ላይ አየች። ጮጮውን ቀስ ብላ ከመሬት አስቀመጠች። እኔ ጩኸቷን ስጠብቅ፣ እሷ አንተን፣ እንግዳውን፣ ከላይ እስከ ታች አየችህና «ማወቁንስ አውቄዋለሁ። ማን ቀበረው?» አለች።

«እኔ» አልካት። «በዚህ እጄ፣ እናቴ። አፈሩ አሸዋ ስለሆነ ድንጋይ ለቅመን ከላዩ ከመርንበት። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገነዋል።»

ሁለት እጅህን ያዘች። መዳፍህን ገልብጣ አየችው፣ ሳመችው፣ ግንባሯን አሳረፈችበት። ያኔ ነው የጮኸችው። አገሩ ተሰበሰበ፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ድንኳን ተጣለ፤ ላልታየ አስከሬን፣ ላልተረገጠ መቃብር ሙሾ ወረደ። አንተ ሦስቱን ቀን እንደ ሥጋ ዘመድ ፍራሽ ላይ ተቀመጥክ። ስንለያይ «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ እተኛለሁ» አለችህ።

ከዚያ ወዲያ ኑሮህ ይኸው ሆነ። መርሐቤቴ ሄድክ። ኢፋት ወርደህ የአንድ ሙስሊም ወጣት አባት ደጅ አደርክ፤ ሽማግሌው ሱብሒ ሰግደው ሲወጡ ነገርካቸው፤ «ኢናሊላሂ» ብለው ብዙ ቆዩና በልጃቸው ስም ሶደቃ አወጡ፣ አንተንም ከአጠገባቸው አስቀምጠው አበሉህ። አርሲ ሄደህ በአስተርጓሚ ያረዳሃት እናት አለች። ሁሉም እንደ ጅሩዋ እናት አልተቀበለህም። አንድ አባት «የኔው ሲሞት አንተ እንዴት ተረፍክ?» ብሎ በዱላ አባሮሃል። ከአጥሩ ውጭ ተቀምጠህ አመሸህ። በነጋታው ራሱ መጥቶ ጠራህ፤ ምን እንዳወራችሁ አልነገርከኝም፣ ስትመለስ ግን የሟቹን በርኖስ ለብሰህ ነበር።

ጥር 1983 ዚያድ ባሬ ከሞቃዲሾ ሸሸ፤ ግንቦት ላይ መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአዲስ አበባ ሸሸ። አንተን አስሮ አንተን የሸጠ፣ አንተን ልኮ አንተን የረሳ፣ ሁለቱም በአራት ወር ውስጥ ዋና ከተማቸውን ጥለው ሄዱ። ሠራዊቱ ተበተነ፤ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ባንድ ጊዜ «የደርግ ወታደር» የሚል ስም ብቻ ይዞ ጎዳና ወጣ። ማርዳ በር ላይ የተማረከውም፣ ሰሜን ላይ የቆሰለውም፣ ገና ትናንት የታፈሰውም አንድ ስም ተሰጠው። ጡረታ እንደሁ ብለህ አንድ ቢሮ ደጅ ጠናህ። የታሰርክበትን ማስረጃ አምጣ ተባልክ። ወንድም ዓለም፣ ማስረጃህማ ጣቶችህ አንጓ ላይ ነበር፤ አንባቢ ቢገኝ!

ደብረ ብርሃን ወርደህ ዘበኝነት ተቀጠርክ። ደሞዝህ ለአንድ ሰውም አትበቃ፤ ከእሷም ቆጥበህ ለአውቶቡስ ታደርጋታለህ። በዓመት አንዴ፣ ፈቃድ ሲሰጥህ፣ አንድ ስም ይዘህ ትወጣለህ። ስትመለስ ያን አንጓ ታልፈዋለህ። እኔ ማየት የምወደው ያን ነበር፤ ጣትህ ያደረሰውን ዘሎ ወደሚቀጥለው ሲሄድ። ታዲያ አንዳንዱን ስም ብትፈልገው አታገኘው፤ መንደሩ በሰፈራ ተነቅሏል፣ ወላጆቹ በ1977 አልቀዋል፣ ደብሩ ስሙ እንጂ አገሩ አይታወቅም። ያን ጊዜ ከጉዞ ስትመለስ ለሳምንት አትናገርም።

ሳልህ ሲብስብህ ደብረ ብርሃን ያለችው ቤቴ አስገባሁህ። ያን ባና ደርቤልህ ነበር፤ አርጅቷል፣ ጫፉን ብል በልቶታል፣ ሙቀቱ ግን አለ። እናታችን ከሞተች ቆይታለች፤ አንተ ቀብረሃታል፣ ያ ዕድል ደረሳት። እጄን ያዝክና ስሞቹን በኔ ጣት አንጓ ላይ ቆጠርክልኝ። ሌሊቱን ሙሉ አስጠናኸኝ። ስሳሳት ከመጀመሪያው ትጀምራለህ፤ ትንፋሽህ ያጥራል፣ ቆም ትላለህ፣ ትቀጥላለህ። ስትሞት ለቀብርህ የመጣውን ሰው ብታየው! ከጅሩ መጡ፣ ከመርሐቤቴ መጡ፣ ያ የኢፋቱ ሽማግሌ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጡ፤ በዱላ ያባረረህ አባት ሬሳህን ለመሸከም ከቀደሙት አንዱ ነበር። ቄሱ ፍትሐት ሲደግሙ ለአንድ ሰው ሁለተኛ ፍትሐት መሆኑን የምናውቅ ተያየን።

ታዲያ እኔ ያንተን ናፍቆት በምን ልወጣው? አንተን ያገኘሁህ ልጅነቴ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያገኘሁህም ለሌሎች እናቶች ስትሄድ መንገድ ላይ ነው። ወንድሜ ስትሆን የማውቅህ በዚያ ባና ሽታ ብቻ ነበር፤ ከዚያ የሁሉ ወንድም ሆነህ መጣህ። አልቀናም። ቀርቶብኛል ግን። አንድ ክረምት እንኳ፣ ምንም ሳንናገር፣ ገብስ ስናርም አብረን ብንውል ብዬ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ጣቴ ላይ ያሉት ያልደረሱት ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ መርዶ በጽሑፍ አይነገርም። ምልክታቸውን ግን እናገራለሁ። አንዱ ከዓባይ ማዶ፣ ከቢቸና ወገን ነው፤ ዋሽንት ይነፋ ነበር፣ ግራ ቅንድቡ ላይ የበሬ ቀንድ የጣለው ጠባሳ አለው፣ በ1973 በጊዮርጊስ ዕለት ነው ያረፈው። አንዱ ከሐረርጌ ቆላ ነው፤ የወንድሙን ስም እየጠራ በረመዳን ነው የሞተው፣ ወንድሙ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር። አንዱ ወላይታ ነው፤ እናቱ እሱን ብቻ ነው የወለደችው፣ የሸማ ሥራ ያውቃል፣ ከከረጢት ክር እየፈታ ለጓዶቹ መቀነት ይሠራላቸው ነበር። አንዱ ከወሎ፣ ከላስታ ነው፤ ሲሞት ያልተወለደ ልጅ ነበረው፣ ወንድ ከሆነ ይህን ስም አውጡለት ብሎ ስሙን ነግሮ ነው ያረፈው። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ አባቱ ያወጣለትን ስም ይዤለታለሁ።

በእነዚህ ምልክቶች የራሱን ሰው ያወቀ ደብረ ብርሃን መልእክት ይላክብኝ። መንገዱ ቢርቅም እመጣለሁ። ማታ ከጎረቤት አድራለሁ፤ ሽማግሌዎቹን ጥሩልኝ፤ ጎህ ሲቀድ ከደጃችሁ እደርሳለሁ።